ዜሮ ከአሥራ ሦስት

ሪሃብ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ ሳትቀመጥ ቆመች። እዚሁ ቢቸና ካለ አንድ የግል ክሊኒክ የተሰጣት፣ ማኅተም ያረፈበት የጤና ምርመራ ውጤት ነው። ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ መስማት፣ ሩቅ ማየት፤ ሁሉም ደኅና። የመጨረሻው መሥመር ግን በጠራ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ቀለም የመለየት ችሎታ፦ ዜሮ ከአሥራ ሦስት። የቀለም ዕውር። ለመንጃ ፈቃድ ብቁ አይደለችም።»

«አነበቡት፣ እትዬ ስርጉት?»

«አነበብሁት።»

«እንግዲያው ይሳቁ። ሞጣ በሙሉ እየሳቀ ነው።»

አልሳቅሁም። እኔ በወትሮው ለመሳቅ ብዙ ምክንያት የማልጠብቅ ሰው ነኝ፤ ለትምህርትም ለሥራም በዞርሁባቸው አገሮች ቋንቋው ሲያቅተኝ በሳቅ ነው የተሻገርሁት። በዚያ ቀን ግን ያችን መሥመር ደግሜ ባነበብሁ ቁጥር ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ይግል ጀመር።

ሪሃብ የወዳጄ የዑሙሰልማ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ ክር ሲነግድ የኖረ ነው፤ ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ በቱባ የተሞላ ነው። ልጅቱ በዚያ መደርደሪያ ሥር አድጋ ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሆናት። አንድ ሸማኔ ከአርባ ዓመት በፊት ከተሠራ ቀሚስ ጥለት ላይ ጣት የማታህል ክር መዝዞ ቢያመጣላት፣ ክሩን አንዴ አይታ ጀርባዋን ታዞርና ከሦስት መቶው ቱባ መካከል መንታውን ታወጣለታለች። ለእኔ ቀይ አንድ ነው። ለሪሃብ የበርበሬ ቀይ አለ፣ የጡብ ቀይ አለ፣ የረጋ ደም ቀይ አለ፣ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ በሌላ ቀን የተነከረ ቀይ አለ። ይህ ካልተለየለት የሸማኔው ጥለት ከመካከሉ ይሰበራል፤ የሁለት ሳምንት ድካሙ መጋረጃ ይሆናል።

የመንጃ ፈቃዱ ነገር የመጣው አባቷ አብዱልዋሂድ ወገባቸውን ታመው መንዳት ስለተከለከሉ ነው። ክሩን ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ቢቸና ገበያ የምታደርሰው ፒካፕ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ሟሽሿል። ሪሃብ እኔ ቤት ተቀምጣ የመንጃ ሥልጠናዋን እዚህ ጨረሰች፤ የቀራት ያ የጤና ወረቀት ብቻ ነበር። ሰኞ ተመርምራ ማክሰኞ ወደ ሞጣ ሄደች። ዛሬ ዓርብ ነው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመልሳ መጥታለች።

«ለሞጣ ማን ነገረው?» አልኋት።

«ፋንታ ነዋ! የሰፈራችን ልጅ፣ አብሮኝ የሠለጠነው። ከኋላዬ ወረፋ ይዞ ነበር። ሐኪሙ በሩን ሳይዘጋ ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ ሳልደርስ ወሬው ደረሰ፤ ‹የባለ ክሮቹ ልጅ ቀለም አታይም!› እያለ ሰፈሩን አዳረሰው።»

«ሰው ይስቃል፣ ይረሳል።»

«ሳቁንስ ቻልሁት። ትናንት ጋሽ አብዱልሐኪም መጡ።»

አብዱልሐኪምን አውቃቸዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሱቅ በቀር ክር ገዝተው የማያውቁ ሸማኔ ናቸው።

«እንደ ልማዳቸው ቁራጭ ክር ሰጡኝ» አለች ሪሃብ፤ «ቱባውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ይዘውት ወደ በረንዳው ወጡ። ፀሐይ ላይ አዩት። ቁራጩን አጠገቡ ይዘው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ልክ መሆኑን አይተዋል፤ ግን ምንም ሳይሉ ገቡ። ወላሂ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ሁለት ሰዎች ወጥተው አዩ።»

ክር በሁሉም ሱቅ አለ። ሸማኔውን እነ ሪሃብ ዘንድ የሚያመጣው የልጅቱ ዓይን ነበር። ሸማኔ የገዛውን ክር ፀሐይ ላይ ማየት ከጀመረ ከየትም መግዛት ይችላል።

«ተቀመጪ» አልኋት።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬአለሁ፤ ያንን ምርመራ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። መጽሐፉ በነጠብጣብ የተሞሉ ክቦችን የያዘ ነው። ከነጠብጣቦቹ ገሚሶቹ በአንድ ዓይነት ቀለም ቁጥር ይሠራሉ፤ የተቀሩት በሌላ ቀለም ዙሪያውን ይሞላሉ። ድምቀታቸውና መጠናቸው ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ ስለሆነ ቁጥሩን ከዙሪያው የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው በአንዳንዱ ገጽ ላይ ምንም አያይም፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያያል። የመጀመሪያው ገጽ ግን የተለየ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር አለበት፤ እሱን ቀለም የማይለየውም ሰው እንዲያነበው ተደርጎ ነው የተሠራው። ተመርማሪው የተጠየቀው ነገር ገብቶት እንደሆነ፣ እያወቀም እንደማይዋሽ ማረጋገጫ ነው።

ስለዚህ ቀለም የማይለይ ሰው እንኳ ቢያንስ አንድ ያገኛል። ዜሮ የቀለም ዕውርነት ውጤት አይደለም፤ የአንድ ሌላ ነገር ውጤት ነው።

«በመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን አየሽ?»

«ሦስት።»

«አሥራ ሁለት መሆን አለበት።»

«እርስዎም እንደሱ አሉ!» ብላ ከወንበሩ ተነሣች። «ሦስት ነው ያየሁት! ጥርት ያለ ሦስት!» ቦርሳዋን በርብራ የታጠፈ ብጫቂ ወረቀት አወጣች። «ይኸው፣ አሥራ ሁለት የሚለው ይህ ነው። ፋንታ የሰጠኝ። ግቢው ውስጥ ወረፋ የያዘ ሁሉ ይህን እየደገመ ነው የሚገባው። ዳዊት የሚደግሙ የቆሎ ተማሪዎች ነው የሚመስሉት፤ ‹አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሦስት…› እኔ ደግሞ ‹ዓይን እያለኝ ምን አስጠናኝ?› ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።»

«ፋንታስ ስንት አገኘ?»

«አሥራ ሦስት ከአሥራ ሦስት።»

ነጠላዬን አነሣሁ። «ነይ» አልኋት።

መርማሪው ሐብታሙ ተማሪዬ ነበር። ቢቸና ላይ ይህን ያህል ዘመን ያስተማረ ሰው ከተማሪው አያመልጥም፤ ባንክ ቤት ተማሪዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተማሪዬ ነው። ሐብታሙ ነጭ ጋዋኑን ተኩሶ የሚለብስ፣ ዝግ ያለ፣ ትሑት ጤና መኮንን ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«መምህርት! ምነው በደኅና?»

«በደኅና አይደለም» ብዬ ወረቀቱን ከፊቱ አስቀመጥሁ።

ወረቀቱን አየ። ሪሃብን አየ። ሄዶ በሩን ዘጋ።

«የእርስዎ ሰው መሆኗን አላወቅሁም፤ ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ… ግድ የለም፣ አሁን እናስተካክለዋለን» ብሎ አዲስ ቅጽ ሳበ።

«ምኑን ነው የሚያስተካክሉት?» አለች ሪሃብ።

«ብቁ ነች ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

«ሳይፈትኑኝ?»

«ለመምህርት ስል…»

«ምጽዋት ማን ጠየቀ?» ድምፅዋ ኮርኒሱን መትቶ ተመለሰ። «ሰኞ ዕለት በሩን ከፍተው ‹የቀለም ዕውር› ብለው አነበቡብኝ። ዛሬ እትዬን ሲያዩ ዓይኔ በራ? ወይ ሰኞ ዋሽተዋል፣ ወይ አሁን እየዋሹ ነው። አንዱን ይምረጡ!»

ሐብታሙ ነገሩን የሚያበርድለት ሽማግሌ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። የመጣሁት ለዚያ አልነበረም።

«መጽሐፉን አምጣው» አልሁት።

ከመሳቢያው ያወጣው መጽሐፍ ዳዊት ይመስል ነበር። በቀይ ቆዳ ተደጉሷል፤ ዳርና ዳሩ በጋለ ብረት የታተመ ሐረግ አለው፣ መካከሉ ላይ መስቀል፤ ከነማኅደሩ፣ ከነማንገቻው።

«ተበታትኖ ነበር» አለ ሐብታሙ አስተያየቴን አይቶ። «ባለፈው ጥር መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጠረዙልን።»

«እንዴት አድርገህ ነው የምትመረምረው? አሳየኝ።»

መጽሐፉን ወደ ሪሃብ አዙሮ አቆመና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። እሱ ራሱ ገጹን አላየም። ዓይኑ የወረደው ጠረጴዛው መስተዋት ሥር ወዳለችው የመልስ ወረቀት ነው። የፋንታን ብጫቂ ከሪሃብ ተቀብዬ ከመስተዋቱ ላይ አስተያየሁት፤ ከአሥራ ሁለት ጀምሮ እስከ ሰባ ሦስት፣ ቁጥር በቁጥር አንድ ናቸው።

ከዚያ መጽሐፉን ከእጁ ወስጄ ገለጥሁት። ሦስት። አምስት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ስምንት። አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ሃያ ዘጠኝ። አርባ አምስት። ሰባ ሦስት። ሰባ አራት።

ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፉ የአንደኛ ክፍል ልጆች ከአጭር ወደ ረጅም ቆመዋል። አንዳቸውም የመልስ ወረቀቷ ባስቀመጠቻቸው ቦታ ላይ አልነበሩም።

«ደጓሹን ጥራልኝ» አልሁት።

መሪጌታ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚሠሩት። ዘበኛው ሲጠራቸው ወስፌአቸውን እንደያዙ መጡ፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ መነጽር የላቸውም።

«የኔታ፣ ይህን መጽሐፍ ሲጠርዙ ገጾቹን በምን ተራ ነው ያደረጓቸው?»

«በምን ተራ ይደረጋል? በቁጥራቸው ነዋ! እንደ ገለባ ተበትኖ በፌስታል ነው የመጣልኝ። ዳር ዳሩን አይጥ በልቶት ስለነበር አስተካክዬ ቆረጥሁት፤ ከዚያ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርሁት። ሦስት ከአሥራ ሁለት በፊት መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?»

«ቁጥሮቹን አነበቧቸው ማለት ነው?»

«ታዲያሳ! ጸሐፊው እጁ ደኅና አይደለም፤ ቀለሙን አንጠባጥቦታል። ግን ይነበባል።» ወደ መጽሐፉ ጎንበስ ብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ምነው? ስፌቱ ተነቀለ እንዴ?»

«ስፌቱስ አልተነቀለም፣ የኔታ።»

«አይነቀልማ።»

የገጹ ተራ ቁጥር የታተመው ዳሩ ላይ ነበር፤ አይጥ ያስቀረውን ቢላዋ ጨርሶታል። በእሳቸው ላይ ምን እንቆጣለን? መጽሐፍ ተበትኖ መጣላቸው፤ በሚያውቁት ሥርዓት ሰበሰቡት። ቁጣዬ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ሐብታሙ፣ ይህን መጽሐፍ ዘጠኝ ወር ገልጠኸዋል። የመጀመሪያውን ገጽ አንብብልኝ።»

«አሥራ ሁለት።»

«መስተዋቱን አልጠየቅሁህም። ገጹን አንብብ።»

ጎንበስ አለ። መጽሐፉን አራቀው፣ አቀረበው።

«አምስት» አለ በመጨረሻ።

«ሦስት!» አለች ሪሃብ።

«ሦስት ነው እንጂ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ ገር በሆነ ድምፅ።

ገለጥሁ። «ሁለት» አለ፤ አምስት ነበር። ገለጥሁ። ዝም አለ። ስድስቱ ላይም፣ ሰባቱ ላይም ዝም አለ። ስምንቱን «ሦስት» አለው። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ «አሥራ ሁለት!» ሲል ድምፁ ከፍ አለ፤ ልክ ነበር። ያን አንድ ገጽ አራታችንም አንድ ዓይነት አነበብነው።

መሪጌታ ወስፌአቸውን ኪሳቸው ከትተው «ይቅር ይበለን» እያሉ ወጡ።

«አንተ ነህ!» አለች ሪሃብ። እርስዎ ማለቱን እዚያው ላይ ተወችው። «የቀለም ዕውሩ አንተ ራስህ ነህ!»

«ቀስ በይ፣ እባክሽ፤ ሰው ይሰማል።»

«እኔንስ ሰው አልሰማም?»

ሐብታሙ ተቀመጠ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አለ። «ስቀጠር እኔም ቁጥሮቹን አጥንቼ ነው ያለፍሁት። ለሌላው ሥራዬ እንቅፋት ሆኖብኝ አያውቅም። ለዚህኛው ደግሞ እኔ ባላይም የመልስ ወረቀቱ ያያል ብዬ ነው።»

«መዝገቡን አምጣ» አልሁት።

ከጥር በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት በቀለም ምክንያት የወደቁት አራት ሰዎች ነበሩ። ከጥር ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ወራት ሠላሳ አንድ። የሠላሳ አንዱም ውጤት ያው የሪሃብ ነው፤ ዜሮ ከአሥራ ሦስት። ከአማኑኤል የመጣ የቤት ቀለም ቀቢ አለበት። ጥልፍ የምትጠልፍ ፈንታነሽ የምትባል ሴት አለችበት።

«ሠላሳ አንድ ሰው እየተከታተለ ዜሮ ሲያገኝ ምን መሰለህ?»

ሐብታሙ ወለሉን እያየ መለሰ። «ሳያጠኑ የመጡ መሰለኝ።»

ብዙ ዓይነት ንዴት አውቃለሁ፤ የጉምሩክ ሠልፍ ንዴት፣ የአውሮፕላን ጣቢያ ንዴት፣ የተማሪ ፈተና የማረም ንዴት። ይህ ግን ከአጥንት የሚነሣ ነበር። «ያዩትን የተናገሩትን ሠላሳ አንድ ሰዎች ጥለሃቸዋል!» አልሁት። «በቃላቸው ይዘው የመጡትን በሙሉ አሳልፈሃል! ከእነሱ መካከል ስንቱ እንዳንተ እንደሆነ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ መንገድ ላይ ናቸው። እንዲህ አድርጎ ያስተማረህ ማን ነው?»

መልስ ፈልጌ አልነበረም። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ መምህርት።»

ሪሃብ ወደ እኔ ዞረች።

«ዐሥረኛ ክፍል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ» አለ። «ስኳር ያለበትን ምግብ ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አፍልተን የሚወጣውን ቀለም እንድንጽፍ አዘዙን። ጡብ ቀይ ነበር መሰለኝ። እኔ አረንጓዴ ብዬ ጻፍሁ። ደብተሬን አንሥተው ለክፍሉ አነበቡት። ከዚያ ‹ማየት ካቃተህ የመጽሐፉን መልስ አጥና› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ።»

አላስታወስሁም። ከቀልዶቼ ብዙዎቹን አስታውሳለሁ፤ ያንን አላስታወስሁም። የማስታውሰው፣ የቀለም ዕውርነት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ በየዓመቱ ለዐሥረኛ ክፍል በጠመኔ እየሣልሁ ማስተማሬን ነው። ከፊቴ ተቀምጦ ሥዕሉን ገልብጧል ማለት ነው። ቁጣዬ መሄጃ አጥቶ ደረቴ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

«አጥፍቻለሁ፣ ሐብታሙ» አልሁት። «ያ ግን ይህን አያጥበውም።»

«የእናንተን ጉዳይ ኋላ ተነጋገሩበት» አለች ሪሃብ። «እኔ ዛሬ ምን ይዤ ነው የምሄደው?»

ሐብታሙ ከጎረቤት ክፍል ሲስተር ባንቺዓለምን ጠራ። ነርሷ መጽሐፉን ይዛ፣ ገጹን በገዛ ዓይኗ እያየች ሪሃብን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አሥራ ሦስት ከአሥራ ሦስት። አዲስ ወረቀት ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። ሐብታሙ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ሪሃብ ወረቀቱን ተቀብላ ከፋንታ ብጫቂ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህ ከፋንታ ወረቀት በምን ይለያል?» አለችው። «እሱም አሥራ ሦስት ከአሥራ ሦስት ነው። ይህን ይዤ ሞጣ ብገባ ‹ሁለተኛ ጊዜ አጥንታ ገባች› ነው የሚሉኝ፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ስሜን በወረቀት አላጠፋኸውም። በሩን ከፍተህ በአፍህ ነው ያጠፋኸው። በአፍህ ትመልሰዋለህ። ነገ የሞጣ ገበያ ነው፤ ሱቃችን ትመጣለህ።»

«ሥራዬን አጣለሁ» አለ።

«እኔስ ምኔን ነው ያጣሁት?»

አላሳዘናትም አልልም። ነገር ግን አልተለሳለሰችም። «ለሠላሳ አንዱም ሰዎች ዛሬ ትጽፋለህ» አለችው። «ውጤቱ ስሕተት ነው፣ የተሳሳተው ክሊኒኩ ነው ብለህ። እስክትጨርስ ከዚህ አልነሣም።»

አልተነሣችም። እኔ ከመዝገቡ ስም አነበብሁ፣ ባንቺዓለም አድራሻ ፈለገች፣ ሐብታሙ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። በቃላቸው አጥንተው ያለፉትም በሙሉ ለዳግም ምርመራ እንዲመጡ ስማቸው ተዘርዝሮ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም መጽሐፉን የምትይዘው ባንቺዓለም ሆነች። የክሊኒኩ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሐብታሙ በሩ ድረስ ሸኘን። «እመጣለሁ» አለ፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

ማለዳ በሚኒባስ ሦስታችን አንድ መቀመጫ ላይ ተደርድረን ሄድን፤ በዚያ ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። ሐብታሙ መጽሐፉን ከነማኅደሩ አንግቷል። ሪሃብ እስከ ሞጣ ድረስ መስኮቱን እንጂ እሱን አላየችም።

ሱቁ ሞልቶ ነበር። አብዱልዋሂድ ወገባቸውን በትራስ ደግፈው ተቀምጠዋል። አብዱልሐኪም ከሌሎች አምስት ስድስት ሸማኔዎች ጋር ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ፋንታም በር ላይ ነበር፤ ወሬ ያለበት ቦታ አይጠፋም።

«ይህ ሰው የሚናገረው አለው» አለች ሪሃብ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ሐብታሙ ተናገረ። መጽሐፉ ተዛብቶ መጠረዙን፣ ልጅቱ ያየችውን በትክክል መናገሯን፣ እሱ ግን ገጹን እንኳ ሳያይ የቀለም ዕውር ብሎ መጻፉን ተናገረ። ያላየበትን ምክንያት ሲናገር ቃሉ ተቆራረጠ፤ ቢሆንም ጨረሰው።

«ሐኪሙ ራሱ!» ብሎ ፋንታ ከበሩ ላይ ፈነዳ። «ወይ ጉድ! ዕውር ዕውርን…»

«አንተ ዝም በል!» አለችው ሪሃብ። «አንተም ገና አልተፈተንህም። ክሊኒኩ በር ላይ ስምህ ተለጥፏል፤ ሄደህ በዓይንህ ተፈተን።»



አብዱልሐኪም ሐብታሙን ከላይ እስከ ታች አዩት። የነጋዴ ከተማ ሰው በንግግር ብቻ አይረታም። ከቦርሳቸው ቁራጭ ክር አውጥተው ዘረጉለት። «እስቲ፣ ዶክተር፣ የዚህን መንታ አውጣልኝ።»

ክሩ ለእኔ እንኳ ግልጽ የሆነ ጡብ ቀይ ነበር። ሐብታሙ ሦስት መቶው ቱባ ፊት ቆመ። እጁ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ወደ ጎን ሄደ። በመጨረሻ አንዱን ስቦ አመጣ። የደረቀ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና የሰዎቹን ፊት ተራ በተራ እያየ ጠበቀ፤ ልክ ይሁን ስሕተት የሚያውቀው ከእኛ ፊት ብቻ ነበርና። ከሸማኔዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ።

ሪሃብ ቁራጩን ወሰደች። አንዴ አየችው። ጀርባዋን አዞረችና ከሦስተኛው መደርደሪያ አንድ ቱባ ስባ ከአብዱልሐኪም ፊት አኖረችው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቱባውን ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ ነው የማይሆነው፣ ልጄ?»

«ይውጡና ፀሐይ ላይ ይዩት።»

«አመንሁሽ እኮ! ምን አስወጣኝ?»

«ይመኑኝ አላልሁም። ሐሙስ ዕለት ወጥተው አይተዋል፤ አሁንም ወጥተው ይዩት።»

አብዱልዋሂድ «ሪሃብ!» አሉ። እሷ አባቷን አልሰማችም። አብዱልሐኪም ቱባውን መልሰው አወጡና ወደ በረንዳው ወጡ። ከባንኮኒው ጀርባ ሆነን አየናቸው፤ ቁራጩን አጠገቡ ያዙ፣ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ወደ ፀሐይ ዞሩ። ከዚያ ገቡ።

«እህ?» አለች።

«ያው ነው።»

«ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ጋሼ። ሐሙስ ዕለት ዝም ብለው ነው የገቡት።»

«ያው ነው!» አሉ አብዱልሐኪም፤ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ተሰማ። «አንድ ነው! ልዩነት የለውም!»

ሪሃብ ምስጋና አልተናገረችም፤ ፊቷም አልተፈታም። እጇን ከእሳቸው ኋላ ወደ ቆመው ሸማኔ ዘረጋች።

«የእርስዎን ያምጡ» አለችው።